ውኃ ባነሰ ዓመት

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ በየታክሲው የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «5,150 ሜጋዋት ይዘን የነፋስና የኒውክሌር ወሬ ምን አመጣው?» የሚል።

5,150 ሜጋዋት የሚባለው አሥራ ሦስቱም ተርባይኖች በሙሉ ጉልበታቸው ሲዞሩ ነው። ከግድቡ በዓመት ይገኛል ተብሎ የተሰላው ግን ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው፤ ተርባይኖቹ ዓመቱን ሙሉ ሳያርፉ ቢሠሩ ከሚያመነጩት ሲሶ ያህሉ። ጉድለት እንዳይመስላችሁ፤ የውኃ ማመንጫ ጠባዩ ነው። ስለዚህ የማንኛውም ማመንጫ ዜና ስትሰሙ ከሜጋዋቱ ይልቅ «ውኃ ባነሰ ወር ስንት ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ግንቦት 2011ን ታስታውሳላችሁ። 1,870 ሜጋዋት የሚባለው ግልገል ጊቤ 3 ውኃው ወረደና አገሩ ሁሉ ወደ ፈረቃ መብራት ገባ፤ ለሱዳንና ለጅቡቲ የምንሸጠውም ቆመ። ማሽኑ ደህና ነበር። የዓባይ ግድብ ከዚያ በእጅጉ ይሻላል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሚይዝ፣ ማለትም የወንዙን የዓመት ፍሰት አንድ ተኩል ያህል፣ አንድ ክፉ ክረምት አያንበረክከውም። ሁለት ሦስት ዓመት ከተከታተለ ግን ያስጨንቃል። ዓባይም ተከዜም ኦሞም ተስፋቸው ያው ክረምት ነው።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። መቶ ሺህ ቤት በአንድ ጊዜ እንጀራ ቢጋግር 350 ሜጋዋት ይሆናል። የተከዜ ማመንጫ ሙሉ አቅሙ 300 ነው! ይህን ድንገተኛ ጭነት የሚችለው ውኃ ነው፤ ተርባይኑ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ውኃን ለእንዲህ ያለው ሰዓት ማቆየት ነው ብልሃቱ።

የሚያቆይልን ደግሞ ነፋስ ነው። አዳማ አንድና ሁለት በድምሩ 204 ሜጋዋት አላቸው። ደግነቱ የአገራችን ነፋስ የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞች በሚቀንሱበት ጊዜ ነው። ነፋሱ ሲነፍስ ተርባይን ይቀነሳል፣ ውኃው ግድቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ሌላው አገር ለነፋስና ለፀሐይ ውድ ባትሪ ይገዛል፤ የእኛ ባትሪ ተገንብቶ ውኃ ይዞ ተቀምጧል። ይህን ያህል ዕድል እያለን የነፋስ ኃይላችን ገና ትንሽ መሆኑ እኔን ያናድደኛል።

የከርሰ ምድር እንፋሎት ድርቅ አያውቅም። አሉቶ ላንጋኖ ላይ እስከ 2,500 ሜትር ተቆፍሮ የተተከለው የሙከራ ማመንጫ ግን 7.3 ሜጋዋት ብቻ ነበር፤ እሱም ሲቆም ሲነሳ ኖረ። ኬንያ በዚያው ስምጥ ሸለቆ፣ ኦልካሪያ ላይ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋዋት ታወጣለች። ልዩነቱ እንፋሎቱ ላይ አይደለም፤ ጉድጓዱ ባዶ ሊወጣ እንደሚችል እያወቁ ገንዘብ ማፍሰስ ላይ ነው።

ድንጋይ ከሰሉን ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች እንተወው። ኒውክሌርን አልቃወምም፤ እንደ ግድብ ክረምትን የማይጠብቅ ኃይል ነው። ነገር ግን ግብፅ ኤል ዳባ ላይ የምትሠራቸው ዓይነት ማብለያዎች እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋዋት ናቸው። እንዲህ ያለ ማሽን በድንገት ሲቆም ያን ሁሉ ኃይል በሰከንዶች የሚተካ ካልተዘጋጀ አገሩ በሙሉ ይጨልማል። መጀመሪያ የአገሩ የኤሌክትሪክ መስመር ይጠንክር፣ ወይም አነስተኛ ማብለያ ይፈለግ።

ከውጭ ኃይል መግዛትስ? ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ እስካለችው ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎቮልት መስመር ከ2015 ጀምሮ ለኬንያ ኃይል ይወስዳል። ይህ መስመር ወደ እኛም ማምጣት ይችላል። ኬንያ ሌሊት ሰው ሲተኛ እንፋሎቷ ይተርፋታል፤ በድርቅ ዓመት ያንን በርካሽ ገዝተን ግድባችንን ማሳረፍ እንችላለን። ውሉን መደራደር ያለብን ግን አሁን፣ እኛ ሻጭ ሆነን ሳለ ነው።