በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ያሉትን ሰዎች ለይቶ ስለ ማወቅ



ዛሬ የምናገረው በየቤታችን ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለው፥ በሣጥንም ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ስለሚኖረው አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። አባቶቻችን ትውልዳቸውን እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው ይቈጥሩ ነበር። ፎቶግራፍም ለዚህ ቈጠራ ምስክር ይሆናል፤ ነገር ግን ስም ካልተጻፈበት ዲዳ ምስክር ነው፤ በስሕተት ከተጻፈበት ደግሞ ሐሰተኛ ምስክር ነው።

በኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። በቤታችን ሁለት ጐልማሶች ጐን ለጐን ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ። አንደኛው አያቴ ናቸው። ስለ ሁለተኛው አክስቴን፥ «ይህ የአያቴ ወንድም አይደሉምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበርና «አዎን፥ ይመስለኛል» አሉኝ። እኔም «ይመስለኛል» ያሉትን ትቼ ስሙን በጀርባው በቀለም ጻፍሁ። ከብዙ ዘመን በኋላ የወንድሜን ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ተላከ። የወንዱ ወገኖች ያንኑ ፎቶግራፍ አምጥተው ሁለተኛውን ሰው «ይህ አያታችን ናቸው» አሉ። እንግዲህ የኔ ጽሕፈት እውነት ከሆነ ልጆቹ ከሰባት ቤት በታች የሚገናኙ ዘመዳሞች ናቸውና ነገሩ ሊፈርስ ሆነ።

ያዳነን በሰውዬው ደረት ላይ የነበረው ሜዳይ ነው። አንድ ሽማግሌ አተኵረው አይተው፥ ይህ ሜዳይ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተሸነፈ በኋላ ለአርበኞች የተሰጠ መሆኑን ነገሩን። የአያቴ ወንድም ግን በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ሞተዋል። ሰውዬው የአያቴ የጦር ባልንጀራ እንጂ ወንድም አልነበሩም።

ስለዚህ ሽማግሌ ስትጠይቁ ስሙን አስቀድማችሁ አትናገሩ፤ «ይህ ማን ነው?» ብላችሁ ዝም በሉ። ሁለት ሰዎችንም ለየብቻ ጠይቁ። ሜዳይ ካለ መርምሩት፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በ1923 ዓ.ም. ነው፤ የቃኘው ሻለቃም ወደ ኮርያ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነው። ሜዳዩ ፎቶግራፉ ከዚያ በፊት እንዳልተነሣ ያስረዳል እንጂ የተነሣበትን ዓመት አይናገርም። ካባ ግን ብዙ አይታመንም፤ ለፎቶግራፍ ሲሉ መዋስ አለና።

ስምም ያሳስታል። ዳግማዊ ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፥ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነበር። በየመንደሩም እንዲሁ አንዱን ሰው አንዱ ሽማግሌ በዓለም ስሙ፥ ሌላው በፈረስ ስሙ ቢጠሩት፥ ጥንቃቄ የጐደለው ጸሐፊ ከአንድ አያት ሁለት አያት ያወጣል። ሴቶችን ደግሞ «የእገሌ ሚስት» ብሎ ማለፍ እጅግ የከፋ ልማድ ነው፤ በዚህ ምክንያት የእናት ወገን ቈጠራ ከግማሽ መንገድ ይቀራል።

ስትጽፉ በፊቱ ላይ አይሁን፤ በጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ሳትጫኑ ጻፉ። የሰውየውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፥ የነገሯችሁን ሽማግሌ ስም፥ ቀኑንም ጨምሩ። ከመስተዋቱ ጋር የተጣበቀውን አታላቁ፤ እንዳለ በእጅ ስልክ አንሥታችሁ ስሙን በደብተር ጻፉ።

የልጆቹ ሠርግ ተደረገ። በቀለም የጻፍሁት ስም ግን አልፋቅ ስላለ፥ ከበታቹ እርማቱን በእርሳስ ጽፌበታለሁ።