ስለ ሙያችን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምን እንነግራቸዋለን?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገኝቼ ስለ ኮምፒዩተር ሙያ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ከገለጽሁ በኋላ፣ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ እኔ በሒሳብ ደካማ ነኝ፤ የሰፈራችንን ሰው ስልክ የምጠግነው ግን እኔ ነኝ። በዚህ ሙያ ውስጥ ቦታ አለኝ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ሒሳብሽን አጥኚ» አልኋት። ምክሩ ስሕተት አልነበረም፤ ለጥያቄዋ ግን መልስ አልሆነም።

ይህ ጉድለት የእኔ ብቻ አይመስለኝም። ለወጣቶች በተናገርን ቁጥር ሙያው ሁሉ ፕሮግራም መጻፍ ብቻ እንደ ሆነ አድርገን እናቀርበዋለን። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን ብቻ እንመልከት። አንዲት እናት ከገጠር ልጇ የላከላትን ገንዘብ በስልኳ ስትቀበል፣ ከዚያች ቅጽበት በስተጀርባ መስመር የሚዘረጋ ቴክኒሽያን፣ የማማውን ኃይል የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ የሒሳቡ መዝገብ በእኩለ ሌሊት እንዳይዛባ የሚያድር ባለሙያ፣ ሌባን የሚከታተል የደኅንነት ጠባቂ፣ ሥርዓቱ ከመለቀቁ በፊት ስሕተቱን የሚፈልግ ፈታሽ፣ ጽሑፉን በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያሰናዳ ሰው፣ በመጨረሻም የተቆጣውን ደንበኛ በስልክ የሚያረጋጋ ሠራተኛ አሉ። (ይህን የመጨረሻውን ሥራ የሚንቅ አንድ ቀን ቢሞክረው መልካም ነው።)

ነገሩ ቀላል አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲን ብቸኛ መግቢያ አድርገን ስንናገር፣ የቀሩትን ሁሉ ከደጅ እየመለስን ነው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠልጥኖ የብቃት ምዘናውን ያለፈ ወጣት፣ ጥገናውንም የኔትወርክ ዝርጋታውንም ይዞ ሥራ ሊጀምር፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ሊያድግ ይችላል።

ሆኖም ማባበልም አይገባንም። ዛሬ ቀላሉን ፕሮግራም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ይጽፈዋል፤ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረው ሥራም በዚያው መጠን እየጠበበ ነው። መሣሪያው የጻፈውን መርምሮ «ይህ ስሕተት ነው» የሚል ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ያን ቦታ ለሚሻ ተማሪ ሒሳብ የግድ መሆኑን ሳንሸሽግ እንንገረው።

ከንግግር ይልቅ ደግሞ ማሳየት ይበልጣል። በዚያ ትምህርት ቤት የነበሩት ኮምፒዩተሮች «እንዳይበላሹ» ተብሎ ተቆልፎባቸው አይቻለሁ። ስለዚህ እያንዳንዳችን በክረምት ሁለት ሁለት ተማሪዎችን ለ15 ቀን ወደየመሥሪያ ቤታችን እንድንቀበል አሳስባለሁ።

ያች ልጅ አሁን 12ኛ ክፍል ደርሳለች። ከፈተናው በኋላ ወደ እኛ ዘንድ እንድትመጣ በርእሰ መምህሩ በኩል ጠይቄ ወላጆቿ ፈቅደዋል። የጥገና ክፍላችን ኃላፊም 6 የተበላሹ ማሽኖችን ማንም እንዳይነካቸው ብሎ ለብቻ አስቀምጦላታል።