ልጆቻችን በሰዓቱ ትምህርት ቤት ይድረሱ
(ለወላጆችና ለመድረሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ጧት ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ ስትወጡ፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ዩኒፎርም ለብሰው መንገድ ዳር የቆሙ ልጆች ታያላችሁ። በሩ ተዘግቶባቸዋል፤ ቤት እንዳይመለሱ ቁጣ ይፈራሉ። ያን ቀን የሚቀበላቸው ፑል ቤትና ጎዳና ነው። ልጁ ያጣው አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እኔ ራሴ በልጅነቴ አርፋጅ ነበርኩ። ከሱብሒ በኋላ ቁርኣን እቀራለሁ፤ ኡስታዛችን ትምህርቱን ሳናስተካክል አይለቁንም። ሮጬ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ቤት ስጠየቅ «መድረሳ ነበርኩ» እላለሁ፤ ማንም አይቆጣኝም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ስለነበረ ክፍልፋይን በወጉ ሳልማር አለፍኩ። ዛሬ ሚራስ እንዳካፍል ስጠራ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶና ስድስተኛ ይጠብቁኛል። የሟች ልጆች ሐቅ በእጄ ነው፤ እንዳልሳሳት ስሌቱን ለሌላ ሰው ሳላሳይ አልፈርምም። ያመለጡኝ ጧቶች ያን ጊዜ ትዝ ይሉኛል።

ስለዚህ ወቀሳውን ከራሳችን፣ ከመስጊዱ ሰዎች እንጀምር። ዲናችን የሰዓት ዲን ነው። አምስቱ ሶላቶች የየራሳቸው ወቅት አላቸው፤ አላህም በሱረቱል ዐስር በጊዜ ምሏል። ለሶላት ሰዓት የሚጠነቀቅ ኡስታዝ የልጁን የትምህርት ሰዓት እንዴት ይይዝበታል? በአዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች። ከሱብሒ በኋላ ያለው ጊዜ፣ በወጉ ከተከፈለ፣ ለቂርኣትም ለትምህርት ቤትም ይበቃል። አንድ ሰዓት ሲሆን ልጆቹን እንልቀቃቸው፤ የቀረውን ከዐስር በኋላ እንቀጥል።

ወላጆች ሆይ! ሴት ልጃችሁ ሻይ አፍልታ፣ ታናናሾቿን አልብሳ፣ ቤት ጠርጋ ስትወጣ ወንድሟ ቀድሟት ይደርሳል። ያረፈደችው በስንፍና አይደለም፤ ሥራውን እናካፍላት። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ የሚቀርብበት የምገባ ፕሮግራም አለ። ያረፈደ ልጅ ከትምህርቱ ጋር ቁርሱም ያመልጠዋል፤ ቤቱ ላልሞላለት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ለልማት ሲነሳ ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። ልጆቻችሁን ከዚያ እያመላለሳችሁ እዚህ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ የእናንተ ልጅ ማርፈድ ከሰነፍ ማርፈድ ጋር አይቆጠርም። ብቻችሁን አትቸገሩ። ለርእሰ መምህሩ ችግራችሁን አስረዱ፤ ለሰፈራችሁ ቅርብ ወደሆነ ትምህርት ቤት ዝውውር ጠይቁ፤ ለኮሚቴውም ንገሩ። በአንድ አቅጣጫ የሚመጡ ልጆችን አንድ ትልቅ ሰው ይዟቸው ቢመጣ የሁሉም ወላጅ ልብ ያርፋል።

እናንተ ተማሪዎች! ደብተራችሁን ማታ አዘጋጁ፤ ስልኩን አስቀምጣችሁ ከዒሻ በኋላ ተኙ። «መድረሳ ነበርኩ» የሚለውን ምክንያት እኔ ጨርሼዋለሁ፤ ለእናንተ አላስተረፍኩም።

ልጅ አማና ነው። አማናውን በሰዓቱ ከሚያደርሱት አላህ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።