ንዳድ ወደ ደጋ ሲወጣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ አባቶቻችን ቆላ ወርደው ማደርን ይፈሩ ነበር፤ ንዳድ አለና። ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ግን ይህ ደዌ ብዙ አይታወቅም ነበርና ደጋው መጠጊያቸው ነበረ።

ዛሬ ይህ መጠጊያ እየተደፈረ ነው። የሰው ልጅ የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ስላነደደ፣ ደንም ስለመነጠረ፣ የምድር ሙቀት ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሯል። አየሩ ሲሞቅ በወባ ትንኝ ሆድ ያለው ተውሳክ ፈጥኖ ይጎለምሳል። ሊቃውንትም የኢትዮጵያንና የኮሎምቢያን ደጋ የሕሙማን መዝገብ መርምረው፣ ሙቀት በበዛበት ዓመት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ በ2014 እ.ኤ.አ. አስረድተዋል።

ጭሱን አብዝተው ያጤሱት ባለጸጎች አገሮች ናቸው። ንዳድ ግን እሳቱን ማን እንዳነደደው አይጠይቅም። የደጋ ሰውም ሰውነቱ በሽታውን አልለመደምና ይጸናበታል። ስለዚህ እናቶች ሆይ፤ ልጃችሁ ሲያተኩሰውና ሲያንቀጠቅጠው «ብርድ መታው» ብላችሁ አትዘናጉ። ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠን አንዱ እግዚአብሔር ነውና በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እኛም ካህናትና ምእመናን በየሰፈራችን የረጋውን ውሃ እናፍስስ፤ የደብራችንን ደን ከምሳር እንጠብቅ፤ የተራቆተውንም መልሰን እንትከል። አዳም በገነት የተሾመው ሊጠብቃት እንጂ ሊያራቁታት አልነበረም። ምድር አደራ ናት፤ አደራም አንድ ቀን ይጠየቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።