ከማኅደር የጠፉ አምስት ዓመታት
(ቦሌ ሚካኤል፣ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረጉት ንግግር)



ጸሐፊያችን «ስለ ጡረታ ወረቀት ትንሽ ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ሕግም አልተማርኩም። ግን ከፋሲካ ወዲህ ብቻ አምስት ሴቶች ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው ቤቴ መጥተዋል። አምስቱም የወታደር ሚስት ወይም የወታደር ልጅ ናቸው። ቡና እያፈላሁ አንዱን ነገር ለእያንዳንዷ ከምደጋግም ለሁላችሁም አንድ ጊዜ ልናገር ብዬ ቆምኩ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወታደር ነበር። በ1963 ተቀጠረ። በ1970 በሶማሊያ ጦርነት ኦጋዴን ላይ እግሩን ቆሰለ፤ በ1973 በዚያው ቁስል ምክንያት ከሠራዊቱ ተሰናበተና በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ገባ። እዚያው ሠርቶ በ2005 ጡረታ ወጣ፤ በ2009 ዐረፈ። የወታደርነቱም የሲቪልነቱም ዘመን ተደምሮ ሊታሰብለት ይገባ ነበር። ማኅደሩ ላይ ግን ለውትድርና የተቀጠረበት ዓመት 1968 ተብሎ ተጽፏል። በካርቦን የተገለበጠ ወረቀት ላይ የሦስት ቁጥር አፍ ከገጠመ ስምንት ይመስላል። ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ ስምንቱን እየተከተለ ጻፈ። አምስት ዓመት በዚህች ቁጥር ጠፋ።

ባለቤቴ ይህን ያውቅ ነበር። ጡረታ ሲወጣ የአበል ስሌቱን አይቶ ነግሮኛል። «አመልክት እንጂ» ስለው «አብረውኝ የዘመቱት እዚያው ቀሩ፤ እኔ ደግሞ ዓመት ልቆጥር?» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ? ዝም አልኩ። ዛሬ ቢሆን ዝም አልልም። የዓመቱ ጉዳይ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ የእኔና የልጆቹም ነበር።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ስሌት፣ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ጡረታው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ነው። ከ10 በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደር 1.65 በመቶ፣ ለሲቪል 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ባል የሞተባት ሚስት የባሏን አበል ግማሽ ታገኛለች፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ። እንግዲህ አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የነበረ፣ 22 ዓመት ያገለገለ ወታደር አስቡ። ጡረታው 3,984 ብር ይሆናል። ከማኅደሩ አምስት ዓመት ጠፍቶ 17 ከተባለ 3,324 ብር ነው። ሚስቲቱ በመጀመሪያው 1,992፣ በሁለተኛው 1,662 ብር ታገኛለች። በወር 330 ብር ልዩነት ማለት ነው። 330 ብር ምን አላት የምትል ካለች ሰሞኑን ዘይት አልገዛችም። በዕድሜው ለጡረታ ደርሶ አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ ከነጭራሹ የወር አበል የለውም፤ አንድ ጊዜ ዳረጎት ተቀብሎ ይሸኛል። ለእሱ አንድ ዓመት መጥፋቱ ሁሉን ነገር ማጣት ነው። አዋጅ 714 አሁን በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቷል፤ የየራሳችሁ ጉዳይ በየትኛው እንደሚታይ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል? ፌስታሎቹን ከፍቼ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛው ያቺ ሰያፍ መስመር ናት። ጸሐፊዎች ስም ያሳጥራሉ። «ሃ/ማርያም» ብለው ይጽፋሉ፤ ኃይለማርያም ነው ወይስ ሀብተማርያም? «ተ/ሚካኤል» ተክለሚካኤልም ተስፋሚካኤልም ይሆናል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ ጸሐፊ ሙሉውን ሊጽፍ ሲል የመሰለውን ይጽፋል፤ የሰውየው አባት በዚያች ሰዓት ይለወጣል። ሁለተኛው ፊደላችን ነው። ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው። በድሮው መዝገብ ቤት ሠራተኛው በጆሮው ይፈልግ ነበርና ችግር አልነበረም። ኮምፒዩተር ግን በዓይን ነው የሚፈልገው፤ በአንዱ ኃ የተመዘገበውን በሌላው ሃ ብትጠይቁት «የለም» ይላችኋል። «የለም» ስላላችሁ የለም ብላችሁ እንዳትመለሱ።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። ውጭ አገር የሠለጠኑ ወይም የዘመቱ ሰዎች ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። አንዲት እህታችን የአባቷን የኮሪያ ዘመቻ ወረቀት ይዛ መጣች። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር ከአገር የወጣው በሚያዝያ 1943 ነው፤ በፈረንጅ 1951። ወረቀቱ 1951 ይላል፤ የገለበጠው ሰው «ዓ.ም.» ብሎ ጨመረበት። በእኛ 1951 ከሆነ ጦርነቱ ከቆመ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው! ጦርነቱ የቆመው በሐምሌ 1945 ነበርና። እንዲህ ያለው ስሕተት ለማረም ቀላል ነው፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አቆጣጠሩ ነው።

የማዕረጉ ነገር ደግሞ ያስቃል። በድሮ ሰነድ አሥር አለቃ ፲/አ፣ ሃምሳ አለቃ ፶/አ ተብሎ ይጻፋል። የግዕዝ ቁጥር የማያነብ ወጣት ጸሐፊ ሃምሳ አለቃውን አሥር አለቃ ያደርገዋል። ሹመት ተገፎ ያደረ ሰው አይቻለሁ፤ እሱ ሳያውቅ። የእኛም ወገን አለች። ስሟ ለወንድም ለሴትም የሚሆን፣ እዚሁ ሰፈር ያለች የቀድሞ ወታደር ማኅደሯ ላይ «ወንድ» ተብላለች። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ ግን ስሕተቱ እስኪታረም ሰባት ወር ፈጅቶባታል።

ከሁሉ የሚከብደው ሁለት ማኅደር ያለው ሰው ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲፈርስ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ተበተነ። ብዙው በእግሩ አገሩን አቋርጦ ነው ቤቱ የገባው፤ መሣሪያውን ሲጥል ወረቀቱንም ጥሏል። ከዚያ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ከእነዚያው ሰዎች ብዙዎቹ ተመልሰው ተጠርተዋል። ሁለተኛው ማኅደር ስለ መጀመሪያው አንድም ቃል የማይልበት ጊዜ አለ። በብሔራዊ ውትድርና የሄዱም አሉ። በ1975 የወጣው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ይጠራ ነበር፤ ዕድሜው ሳይደርስ 18 ተብሎ የተጻፈ ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ ዕድሜው አልገጥም ብሎታል። ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቀየሙኝ። ለጡረታ የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠር የተመዘገበው ዕድሜ ነው። ጡረታ መውጫው ሲደርስ ዕድሜውን መቀነስ የሚፈልግ ሰው ማረም ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። በዚያ አልረዳም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ባለቤቴ ካለፈ በኋላ ልጆቼ ሲገፋፉኝ ተነሣሁ። መጀመሪያ ምን አደረግኩ? ምስክር ሰበሰብኩ። አብረውት የተቀጠሩ ሁለት ሰዎች አግኝቼ፣ ሽማግሌዎች ናቸው፣ በታክሲ ይዤ እየሄድኩ ቃላቸውን አስጻፍኩ። አለቀስኩም፤ አልዋሽም። አንድ ዓመት ከአራት ወር እንዲህ ተመላለስኩ። ያገኘሁት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እናቴ፣ ማኅደሩ 1968 ይላል»። በጊዜው ሠራተኛውን ረግሜዋለሁ። አሁን ሳስበው ልጁ እውነቱን ነበር። ወረቀት የጻፈውን በቃል ልሰርዝ ብል እንዴት እሺ ይበለኝ? እኔ ማምጣት የነበረብኝ ስሕተቱ ከመጻፉ በፊት የተጻፈ ሌላ ወረቀት ነበር።

እሱ ወረቀት ደግሞ ያለው ቤቴ ነበር። ከአልጋ ሥር ባለች የቆርቆሮ ሣጥን፣ ከዕድር ደብተሩ ጋር ተጣጥፎ፣ በሰኔ 1964 የተሰጠ የሥልጠና ምስክር ወረቀት። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ከስሙ ጎን የወታደር መለያ ቁጥሩ አለ። በ1968 የተቀጠረ ሰው በ1964 እንዴት ይሠለጥናል? ያን ይዤ ስገባ ያው ልጅ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። «ይህ ከሆነ ቁጥሩን ይዘን በዚያ ዘመን ትእዛዝ እናስፈልጋለን» አለ። ስም በየጸሐፊው ይለዋወጣል፤ መለያ ቁጥር ግን አይለዋወጥም። በቁጥሩ ሲፈለግ የ1963 የቅጥር ትእዛዝ ከነስም ዝርዝሩ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የማረሚያው ደብዳቤ ለመውጣት ሁለት ወር አልሞላም።

በዚህ እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካ ሴንት ሉዊስ በሚባል ከተማ በሐምሌ 1965 የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማኅደር ጠፍቷል። የዚያ አገር ሰዎች ማኅደሩን መልሰው የሚሠሩት ሌላ ቦታ ከተረፈ ወረቀት ነው፤ ከደመወዝ መክፈያ፣ ከሆስፒታል መዝገብ። ስለዚህ ቤት ስትፈልጉ «የአገልግሎት ማስረጃ» የሚል ርእስ ያለበትን ብቻ አትፈልጉ። የደመወዝ ወረቀት፣ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተኛበት ካርድ፣ የፈቃድ ወረቀት፣ የሜዳሊያ ደብዳቤ፣ ጀርባው ላይ የክፍሉ ማኅተም ያለበት ፎቶግራፍ ሳይቀር ይጠቅማል።

አንድ አቋራጭ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ተመክራችሁበታል። «ማኅደሩን ከማሳረም መታወቂያሽን ወይም የሱን ወረቀት ከማኅደሩ ጋር አስማሚው» ይላሉ። አንዲት እህታችን ይህን አድርጋ የሟች ባሏን የአባት ስም በወራሽነቱ ወረቀት ላይ ማኅደሩ በተሳሳተበት አጻፈች። አበሉ ወጣላት። ቀጥሎ የቤቱ ካርታ አልገጥም አለ፤ የልጆቹ የልደት ካርድ አልገጥም አለ። ዛሬ ልጇ ፋይዳ ላይ በአንድ አያት፣ በትምህርት ማስረጃው በሌላ አያት ይጠራል። አንድ ስሕተት ይዛ ሄዳ አራት ይዛ ተመለሰች። ትክክለኛውን ወረቀት አትንኩት። የተሳሳተው የትኛው እንደሆነ ለዩና እሱን የጻፈው መሥሪያ ቤት ዘንድ ሂዱ። የጡረታው መሥሪያ ቤት የሠራዊቱን ማኅደር አያርምም፤ አሠሪው የላከለትን ነው የሚያየው። ሠራዊቱ የጻፈውን የሚያርመው መከላከያ ነው።

እምቢ ካሏችሁ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቁ። «ሂጂ፣ አይሆንም» የሚል ቃል ይግባኝ አይባልበትም። የተጻፈ ውሳኔ ካለ ግን የጡረታ ክርክር የሚሰማ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። ይግባኙም ያልተከፈለው ውዝፍም የጊዜ ገደብ አላቸው። ለእኔ አበሌ ተስተካክሏል፤ ወደ ኋላ ያለው ሁሉ ግን አልተከፈለኝም፤ ዘግይቻለሁና። ባለቤቴ በ2005 አመልክቶ ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር። ባሎቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ መለያ ቁጥሩን፣ ክፍሉን፣ የተቀጠረበትን ቦታ። ባያስደስተውም ይንገራችሁ። እኔ የባለቤቴን ክፍል ቁጥር እንኳ ከዚያ ወረቀት ነው ያወቅኩት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ።

ሰውየው ያልተመለሰላቸው እህቶችም እዚህ አሉ። በ1980 ከአፋቤት፣ በ1982 ከምጽዋ ወሬው የጠፋ። ለእነሱ መንገዱ የሚጀምረው ከፍርድ ቤት ነው። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 154 ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን ጥቅም ያለው ሰው መጠየቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። ብዙ እናቶች ይህን አይጠይቁም፤ «እኔው በእጄ ልቅበረው?» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ከእነሱ ጋር ለብቻ መነጋገር እፈልጋለሁ፤ እዚህ አደባባይ ላይ አይሆንም።

ደጋፊዎቻችን የሰጣችሁን ገንዘብ ለዚህ ጉዳይ የሚውለው ለፎቶ ኮፒ፣ ለማመልከቻ ማስጻፊያና ለታክሲ ነው። ደረሰኙ ከሒሳብ ሹሟ ዘንድ ነው፤ ማየት ትችላላችሁ። ጉዳይ አስፈጻሚ ለሚባሉት አንድ ብር አልከፈልንም፤ አንከፍልምም።

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከጸሐፊያችን ጋር እቀመጣለሁ። ፌስታላችሁን ይዛችሁ ኑ። ማንበብ ለሚያስቸግራት ልጄ አብራን ትኖራለች። ዋናውን ወረቀት ግን ቤት አስቀምጡት፤ ኮፒውን ብቻ አምጡ።