ቁናው ሳይታመን ስፍሩ አይታመንም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በማክሰኝት የቀረበ ንግግር)




ስንዴ አምራች ገበሬ ዋግን በሚገባ ያውቀዋል። በ2002/03 ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በአገራችን በስፋት ተነሥቶ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን ዝርያዎች ክፉኛ ጎዳ። ብዙ ገበሬም ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉን መታው። ስንዴው ያው ነበር፤ የመጣበት ፈንገስ ግን ሌላ ነበር።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ፈንገሱ ተክሉን የሚያጠቃባቸውን ጂኖች ይፈልጋሉ። ጂን በሕያው ነገር ውስጥ ያለ የሥራ መመሪያ ነው። የትኛው ጂን መቼ እንደሚበረታ ለማወቅ ከታመመው ቅጠል በተለያዩ ቀናት ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ይለካል።

ይሁን እንጂ ናሙናዎቹ እኩል አይሆኑም። አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ፈንገስ ይይዛል። ማመሳከሪያ ጂን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ይህ ጂን ፈንገሱ ገና ሲበቅልም ሆነ ዱቄት መሳይ ዘሩን ሲበትን ሥራው የማይዋዥቅ መሆን አለበት። ጧት ጠብቦ ከሰዓት በኋላ የሚሰፋ ቁና ቢኖር ሻጭም ገዥም ይሳሳታሉ።

መስፈሪያው ከስንዴው ጂን ብቻ ቢወሰድም ስሕተት ይመጣል። ፈንገሱ በቅጠሉ ውስጥ ሲበዛ ጂኖቹ ሁሉ የበረቱ ይመስላሉ። ስለዚህ የፈንገሱ መስፈሪያ ከፈንገሱ ከራሱ ይመረጣል።

አክቲንና ቱቡሊንን የመሳሰሉ የታወቁ ጂኖች ብዙ ጊዜ ያለ ፈተና ይወሰዱ ነበር። እነርሱም ግን ፈንገሱ ሲያድግ ከፍና ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። በ1994 ዓ.ም. የቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕጩ ጂኖችን እርስ በርስ አመሳክሮ የጸኑትን የሚለይ ዘዴ አሳተሙ። በአንድ ጂን ከመተማመን የበርካታ ጂኖችን አማካይ መውሰድ እንደሚሻልም አሳዩ።

የማሳውም ሙከራ ከዚህ አይለይም። አዲስ ዝርያ ሲፈተን በዋግ የሚጠቃ የታወቀ ዝርያ ከጎኑ ይዘራል። ያ ዝርያ ሳይታመም ከቀረ፣ አዲሱ «ተቋቋመ» ሊባል አይችልም፤ በሽታው አልመጣ ይሆናልና።

እንግዲህ አዲስ ዘር ሲቀርብ አባላትም ኃላፊዎችም «ከምን ጋር ተመሳክሮ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ዋግ በማሳ ሲታይም ሳይውል ሳያድር ለልማት ሠራተኛው ይነገር። የላቦራቶሪው ሥራ የሚጀምረው ከገበሬው ማሳ ከሚመጣ ቅጠል ነው።