ከቁልፉ እስከ ፊደሉ፦ የሚጋጩ የኮምፒውተር ማበጃ ሶፍትዌሮችን ስለ ማስተዳደርና ስለ ማሰናከል



የዛሬው ርዕሴ በኮምፒውተር ሳይንስ ዘንድ ከታላላቆቹ ጥያቄዎች የሚቆጠር አይደለም። ኮምፒውተራችንን ለራሳችን እንዲመች አድርገን ለማበጀት የምንጭናቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ሲጋጩ የትኛውን እናሰናክል? የትኛውን እናቆይ? ጥያቄው ትንሽ መስሎ የሚታየው የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን እስኪደርስ ድረስ ነው። በዚያ ቀን የተጫነው ቁልፍ ሌላ፣ የሚታየው ፊደል ሌላ የሆነበት ተማሪ የጉዳዩን ክብደት ከእኔ በላይ ያስረዳል።

ማበጃ ሶፍትዌር የምለው የኮምፒውተሩን መሠረታዊ ሥርዓት ሳይለውጥ በተጠቃሚውና በሥርዓቱ መካከል ገብቶ የሚሠራውን ፕሮግራም ነው። የመነሻ ዝርዝሩን በድሮው መልክ የሚመልስ፣ ታስክባሩን የሚያስጌጥ፣ የመስኮቶችን ገጽታ የሚቀይር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። በእኛ አገር ግን ከሁሉም ቀድሞ የመጣውና ከሁሉም በላይ የተሠራጨው ማበጃ የግዕዝ ፊደል መጻፊያው ነው። ስለዚህ ንግግሬን በእርሱ ላይ አተኩራለሁ።

በዚህ አካባቢ ጉዳዩ ልዩ መልክ አለው። እዚህ አንድ መምህር በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ቋንቋ ሊጽፍ ይችላል፤ ደብዳቤውን በአማርኛ፣ የጥናት ጽሑፉን በእንግሊዝኛ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማሪያውን በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ። አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ሀዲይሳና ከምባትሳ ደግሞ በላቲን ፊደል። ስለዚህ የእኛ ጸሐፊ በቀን ብዙ ጊዜ ከፊደል ወደ ፊደል ይሻገራል። መሻገሪያው ሲበላሽ፣ በሀዲይሳ የጀመረው ዓረፍተ ነገር መካከሉ ላይ በግዕዝ ፊደላት ተሞልቶ ያገኘዋል።

ለመሆኑ እዚህ እንዴት ደረስን? ኮምፒውተር ወደ አገራችን ሲገባ የግዕዝን ፊደል አያውቅም ነበር። ባለሙያዎቻችን ያገኙት መፍትሔ ብልህ ነበር፤ ለላቲን ፊደላት በተሰጡት ቁጥሮች ላይ የግዕዝን ፊደላት ሥዕል አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፤ ዓይናችን ግን የሚያየው አማርኛ ነው። በአንድ ፎንት ሊያዙ የሚችሉት ቁጥሮች ከ256 ስለማይበልጡ፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት። እያንዳንዱ አዘጋጅም የራሱን አደላደል ስለተከተለ፣ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው የምልክት ድርድር ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ይህን ታሪክ ለወጠው። ለግዕዝ ፊደላት፣ ለቁጥሮቻችንና ለሥርዓተ ነጥባችን የራሳቸው ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ የግዕዝን ፊደል ለመጻፍ መንገዱ አንድ አይደለም። ፓወር ግዕዝ አለ፤ ቪዥዋል ግዕዝ አለ፤ በነፃ የሚገኘው ኪይማን አለ፤ የዊንዶውስ የራሱ ኪቦርድም አለ። መንገዱ መብዛቱ በረከት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁሉም በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ቁልፍ ከተጫነ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ቁልፉ ሲጫን ምልክቱ መጀመሪያ ወደ ዊንዶውስ ይደርሳል። ዊንዶውስ ወደ ወርድ ከማሳለፉ በፊት ግን፣ «ቁልፍ ሲጫን አሳውቀኝ» ብለው አስቀድመው የተመዘገቡ ፕሮግራሞች ካሉ ለእነርሱ በተራ ያቀርብላቸዋል። ይህን መንጠቆ ልንለው እንችላለን። መንጠቆውን የጣለው ፕሮግራም ምልክቱን ሊያሳልፈው፣ ሊያስቀረው ወይም በምትኩ ሌላ ፊደል ሊልክ ይችላል። በርካታ የፊደል መጻፊያዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። አሁን መንጠቆ የጣሉት ሁለት ሆኑ እንበል። አንደኛው የላቲኑን ፊደል ተቀብሎ ግዕዝ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው የላከውን እንደ አዲስ ቁልፍ ቆጥሮ እንደገና ሊለውጠው ይሞክራል። ውጤቱ የተደጋገመ ፊደል፣ የጠፋ ፊደል ወይም ያልታሰበ ፊደል ነው።

በዊንዶውስ ላይ መጨረሻ የተጣለው መንጠቆ መጀመሪያ ይጠራል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል አይነሡም። «ትናንት በደንብ ይሠራ ነበር፤ ምንም አልነካሁም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የተለወጠው የመነሣታቸው ተራ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም በአስተዳዳሪ ሥልጣን የተከፈተ ፕሮግራም የሚቀበላቸውን ቁልፎች፣ በተራ ሥልጣን የሚሠራ መንጠቆ አያያቸውም። በወርድ የሚሠራው መጻፊያ በአንድ የሒሳብ ፕሮግራም ላይ እምቢ ቢል፣ መጻፊያው ተበላሽቷል ከማለታችን በፊት ይህን ማየት ይገባናል።

የገጽታ ማበጃዎችም ከዚህ ሕግ አይወጡም። ዊንዶውስ 8 የተለመደውን የመነሻ ዝርዝር ባስቀረ ጊዜ ብዙዎች ክላሲክ ሼል የተባለውን ፕሮግራም ጫኑ። እንዲህ ያለ ማበጃ በዊንዶውስ የውስጥ አሠራር ላይ ተደግፎ ስለሚቆም፣ ዊንዶውስ በአፕዴት ያንን ውስጥ ሲለውጥ ማበጃው መሠረቱ ይነቃነቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን እናስታውስ። ወደ ዊንዶውስ 11 የሚሻገር ቢሮ ወይም ቤተ ሙከራ ማበጃዎቹን ከመሻገሩ በፊት ማሰናከል፣ ከተሻገረ በኋላ አንድ በአንድ መመለስ ይኖርበታል።

እንግዲህ ግጭት ሲያጋጥም ምን ይደረግ? ብዙዎቻችን የምንቸኩለው ወደ ማጥፋት ነው። እኔ የምመክረው ማሰናከልን ነው። ማሰናከል ፕሮግራሙን ከሥራ ያግዳል እንጂ ከኮምፒውተሩ አያስወጣም፤ ሐሳባችንን ብንቀይር መመለሻ አለው።

በመጀመሪያ የሚታየውን ምልክት ጻፉ፤ በየትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው ቁልፍ፣ ምን ሲሆን? ከዚያ በታስክባሩ ጫፍ፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያሉትን ትንንሽ ምስሎች ተመልከቱ። የፊደል መጻፊያዎች ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ከአንድ በላይ ከሆኑ አንዱን ብቻ አስቀርታችሁ ሌሎቹን ዝጉ። ችግሩ ከጠፋ የተዘጉት ኮምፒውተሩ ሲከፈት እንዳይነሡ አድርጉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ «ስታርትአፕ» በሚለው ክፍል ፕሮግራሙን መርጣችሁ «ዲሴብል» በሉት። ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ ክፈቱና እንደገና ፈትሹ። ችግሩ የሚታየው በወርድ ብቻ ከሆነ፣ የኮንትሮል ቁልፍን ይዛችሁ ወርድን በመክፈት በሴፍ ሞድ ሞክሩት። በዚያ ከተስተካከለ፣ ጥፋቱ በወርድ ላይ በተጨመረ ተቀጥላ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ተጠርጣሪው ብዙ ከሆነስ? በግማሽ በግማሽ ክፈሉት። 16 ፕሮግራሞች ቢኖሩ 8ቱን አሰናክሉ፤ ችግሩ ከቀጠለ ካልተሰናከሉት መካከል ነው፤ ከቆመ ከተሰናከሉት መካከል ነው። በ4 ሙከራ አንድ ፕሮግራም ላይ ትደርሳላችሁ። ሆኖም ግጭት የሁለት ወገኖች ጉዳይ መሆኑን አትርሱ። የደረሳችሁበት ፕሮግራም ብቻውን ሲሆን ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ በእርሱ ላይ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት እርሱን መልሳችሁ ሌላኛውን አሰናክሉና ሞክሩ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ብልሹ ፕሮግራም ሳይሆን አብረው መኖር የማይችሉ ሁለት ደኅና ፕሮግራሞች ነው።

ታዲያ የትኛው ይቅር? ይህን ባለሙያው ብቻውን ሊወስን አይገባም። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ለዓመታት ጣቶቿን ያስለመደችበት የቁልፍ አደላደል ሀብቷ ነው። «አዲሱ ይሻላል» ብለን በአንድ ቀን ብንነጥቃት ፍጥነቷን ነጠቅናት። መጻፊያዋ ዩኒኮድ የሚጽፍ ከሆነ የእርሷ ይቆይ፤ ሌሎቹ ይሰናከሉ። ብዙ ሰው በሚፈራረቅበት የተማሪዎች ቤተ ሙከራ ግን ሁሉም የሚስማማበት አንድ መጻፊያ ይመረጥ። የዊንዶውስ ኪቦርድ ከተመረጠ፣ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አንድ ላይ በመጫን ከአማርኛ ወደ ላቲን መሻገር ይቻላል። ለሀዲይሳና ለከምባትሳ የእንግሊዝኛው ገበታ ይበቃል።

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የማሳስበው ወደዚህ ቀጥሎ ወዳለው ነጥብ ነው። የፊደል መጻፊያ ሶፍትዌር በአንድ ስም ቢጠራም በውስጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ቁልፉን የሚለውጠው ፕሮግራም ነው፤ ሌላው ፊደሉን የሚያሳየው ፎንት ነው። የሚጋጨው ፕሮግራሙ ነው። ፎንቱ ከማንም ጋር አይጣላም፤ እንዲያውም ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አደላደል የተጻፉ ሰነዶች የሚነበቡት በእርሱ ብቻ ነው። ከግጭት ለመገላገል ብለን ሶፍትዌሩን ከነፎንቱ ስናጠፋ፣ የድሮ ቃለ ጉባኤ፣ የድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የድሮ የፈተና ማኅደር በዚያው ኮምፒውተር ላይ አንደበቱ ይዘጋል። ሰነዱ አልጠፋም፤ የሚያነብለት ግን የለም።

ስለዚህ ከማጥፋት በፊት መርምሩ። ከሰነዱ አንድ መስመር ቀድታችሁ ወደ ኖትፓድ አስገቡት። በአማርኛ ከታየ ዩኒኮድ ነው፤ አትሥጉ። የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ሆኖ ከታየ የድሮው አደላደል ነው። እንዲህ ያለውን ሰነድ አስቀድማችሁ ሳይነካ የሚቀመጥ ቅጂ አውጡለት፤ ፎንቱን በውስጡ በያዘ ፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ ቀጥሎ ወደ ዩኒኮድ ለውጡት፤ የተለወጠውንም በሰው ዓይን ከቀድሞው ጋር አስተያዩት። በተለይ ስሞችን፣ ቁጥሮችንና በአንድ ሰነድ ውስጥ በላቲን የተጻፉ ቃላትን በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ ለዋጩ ፕሮግራም የእንግሊዝኛውን ወይም የሀዲይሳውን ቃል እንደ ድሮ ፊደል ቆጥሮ ወደ ግዕዝ ሊገለብጠው ይችላልና። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ማጥፋት ከፈለጋችሁ የምትሰናበቱት ፕሮግራሙን ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ከእናንተ ጋር ይቀራል።

አንድ የጥንቃቄ ቃል ልጨምር። ማበጃ የምትጭኑበት ምንጭ የታወቀ ይሁን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ቅድም የጠቀስሁት የክላሲክ ሼል ማውረጃ ገጽ በሰርጎ ገቦች እጅ ወድቆ፣ ሐሰተኛውን ቅጂ የጫኑ ሰዎች ኮምፒውተራቸው መነሣት እምቢ ብሏቸው ነበር። በታወቀ ገጽ ይህ ከደረሰ፣ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞር ቅጂ ምን ሊያመጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ የምትሆኑ አላችሁ። «ኮምፒውተሬ ፊደል አበላሸ» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ምን ላጥፋ?» ሳይሆን «በቁልፉና በፊደሉ መካከል የገባው ማን ነው?» ይሁን። የገባውን ለይታችሁ አሰናክሉ፤ ፎንቱንና ሰነዱን ጠብቁ። ይህን ያደረገ ባለሙያ ለመጪው አንባቢ የዛሬውን ጽሑፍ አቆየለት።